የደቡቡ የስደት መንገድ እና የተበታተነው መረጃ፤ የቀጠናው አጥኚዎች ለምን መተባበር አለባቸው?

ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዷ በሆነችው ቱላ ወደ ዲላና ሞያሌ የሚያመራው ዋና መንገድ ያልፋል። ሞያሌ ደግሞ ከሐድያ፣ ከከምባታና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሚጓዙ ወጣቶች ዋነኛዋ መውጫ በር ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን ወይም ዛምቢያን፣ ዚምባብዌንም አቋርጦ ያልፋል። ተጓዡ አንድ ሰው ቢሆንም ስለ እርሱ ያለው መረጃ ግን በየአገሩ ተበታትኖ ይቀራል። በዚህ ጽሑፋችን ዓለም አቀፍ ፍልሰትን የሚያጠኑ የቀጠናው ምሁራን ትብብር ምን እንደሚመስልና ለምን እንደሚያስፈልግ እንመለከታለን።

ሦስት አገር፣ አንድ ሐዘን

መጋቢት 15 ቀን 2012 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ። በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያውያን መሆናቸውን የአገሪቱ ባለሥልጣናት ገለጹ። በጥቅምት 2015 በሰሜናዊ ማላዊ፣ ምዚምባ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ሳይሆን አይቀርም የተባለ የጅምላ መቃብር ተገኘ። ታህሳስ 2 ቀን 2015 ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኝቷል። እነርሱም ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ይታመናል።

ሦስቱም አደጋዎች በአንድ የጉዞ መስመር ላይ የደረሱ ናቸው። ይሁንና የሞዛምቢክ፣ የማላዊና የዛምቢያ ፖሊሶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መዝገብ ከፈቱ። የወጣቱን ስም፣ የወጣበትን ቀንና የደላላውን ማንነት የሚያውቀው ቤተሰብ ደግሞ እዚህ ነው ያለው። ሁለቱ ካልተገናኙ ሟቹ ስም የለውም፤ እናትም ልጇ ይሙት ይኑር ሳታውቅ ትኖራለች። ጀናዛው ያልመጣለት ቤት ይህን በሚገባ ያውቀዋል።

እስካሁን ያሉት ተቋማት

በአዲስ አበባ የሚገኘው የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት (ኦስሪያ) ከ1972 ጀምሮ የቀጠናውን ምሁራን ሲያገናኝ ቆይቷል። የማኅበራዊ ጥናት መድረክ እ.ኤ.አ. በ2016 በአስናቀ ከፋለና በዘሪሁን መሐመድ የተዘጋጀ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራትና ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገውን የሠራተኞች ፍልሰት የሚመረምር ጥናት አሳትሟል። ናይሮቢ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረውና በኋላ የቅይጥ ፍልሰት ማዕከል የሆነው ተቋም ደግሞ ተጓዦችን በየመንገዱ በማነጋገር መረጃ ይሰበስባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ሚዴቅ የተባለ የምርምር ፕሮጀክትም በ12 አገራት ስድስት የፍልሰት መስመሮችን አጥንቷል። ከስድስቱ አንዱ ከኢትዮጵያ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው ነው። የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በታህሳስ 2020 በራባት የፍልሰት መረጃን የሚከታተል ተቋም ከፍቷል።

ትብብሩን የሚያከብዱ ነገሮች

የመጀመሪያው ቃሉ ራሱ ነው። በአማርኛ «ስደተኛ» ስንል ከጦርነት የሸሸውንም፣ እንጀራ ፍለጋ የወጣውንም አንድ ላይ እንጠራለን። በሕግ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። አጥኚዎች በትርጉሙ ካልተስማሙ ቁጥሮቻቸው አይነጻጸሩም።

ሁለተኛው ቆጠራ ነው። አንድ ወጣት በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ ቢታሰር በሦስት መዝገብ ሦስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። በአንጻሩ ሳይያዝ በመንገድ የሞተው በአንዱም ላይ አይገኝም።

ሦስተኛው የአባልነት ወሰን ነው። ኢጋድ በየካቲት 2012 የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል አጽድቋል። ነገር ግን በዚህ መስመር ላይ ካሉት አገራት የኢጋድ አባል የሆኑት ኢትዮጵያና ኬንያ ብቻ ናቸው። ከታንዛኒያ ጀምሮ ያሉት የሌላ ማኅበር፣ የሳድክ አባላት ናቸው። ከላይ ያነሳናቸው ሦስቱም አደጋዎች የደረሱት ከኢጋድ ወሰን ውጭ ነው።

አራተኛው ገንዘብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ለአፍሪካ ያቋቋመው የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ ለቀጠናው ጥናቶችም ገንዘብ አቅርቧል። ገንዘብ የሰጠ አካል የራሱን ጥያቄ ማስቀደሙ አይቀርም፤ የአውሮፓ ጥያቄ ደግሞ ሜዲትራኒያንን ስለሚሻገረው ሰው ነው። የብዙ ኢትዮጵያውያን ጉዞ ግን በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ፣ በሞያሌ በኩልም ወደ ደቡብ ነው። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ መመለሳቸው የምሥራቁን መስመር ስፋት ያሳያል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የቀጠናው ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ትርጉምና በአንድ መጠይቅ ቢሠሩ፣ የሉሳካው አስከሬንና በኢትዮጵያ ያለው ቤተሰብ የሚገናኙበት ዕድል ይሰፋል። ለዚህ ግን የኅብረተሰቡ ድርሻም ያስፈልጋል። ማን መቼ እንደወጣ፣ የማን ስልክ ከየት አገር እንደተቋረጠ የሚያውቁት ጎረቤቱ፣ ዕድሩና የመስጂዱ ጀመዓ ናቸው።

ስለዚህ አጥኚ ቱላም ይምጣ ሌላ ሰፈር፣ በሩን አንዝጋበት። ስንቀበለውም ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ የሰጠነው ስም በምስጢር ይጠበቃል ወይ? መረጃው በመንገዱ ላይ ላሉት አገራት አጥኚዎች ይደርሳል ወይ? የጥናቱ ውጤትስ በሲዳምኛና በአማርኛ ተመልሶ ይነገረናል ወይ? ሦስቱንም በአዎንታ የመለሰ አጥኚ የቤተሰቡ አጋዥ ነው።

በመንገድ ለቀሩት አላህ ይዘንላቸው፤ ዜና ለሚጠብቁ ቤተሰቦችም ሶብሩን ይስጣቸው።