ደዌ እና ደዋ

ሪያድ የገባች ሴት ቶሎ ከምትለምዳቸው ቃላት አንዱ «ደዋ» ነው። ለማዳም እናት በሰዓቱ የሚሰጠው ደዋ፣ ከሰይደሊያ የሚመጣው ደዋ፤ መድኃኒት ማለት ነው። እኛ አገር ግን ደዌ በሽታው ራሱ ነው፤ «ጽኑ ደዌ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እህቶቼ፣ ሁለቱ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

በግእዝ «ደወየ» ታመመ ማለት ነው። ቅጽሉ «ድውይ» ነው፤ «ብሉይ» ከ«በልየ» እንደወጣው ሁሉ። ብዙ ሲሆኑ ድውያን ይባላሉ። ኢየሩሳሌም ብዙ ዓመት የኖሩት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ እሳቸውም በሰው አገር ማለት ነው፣ ግእዙን ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ እያስተያዩ መዝገበ ቃላት ጽፈዋል። የታተመው ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም. ነው። ዕብራይስጡም ታማሚውን «ዳዌ» ይላል። ዐረብኛም ጥንት «ደዊየ» ብሎ ታመመ ይል ነበር፤ ከዚያው ሥር «ዳዋ»፣ አከመ፣ የሚል ግስ አለው፤ ደዋ የሚታከሙበት ነው። እኛ ጋ ሕመሙ ቀረ፣ እነሱ ጋ ማከሙ በረታ።

ዛሬ ዐረቦች ለታመመ ወንድ «መሪድ»፣ ለሴት «መሪዳ» ይላሉ። የእኛ «አመመኝ» ተናጋሪዋ ሴት ትሁን ወንድ ስለማይለይ ብዙዎቻችን «አነ መሪድ» እንላለን። ይሄ ብዙ አይጎዳም፣ ይገባቸዋል። የሚጎዳው «ታዕባና» ነው። ደክሞኛልም አሞኛልም ማለት ስለሆነ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጠሽ «ታዕባና» ብትዪ «ትንሽ ተኝተሽ ተነሺ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

ስለዚህ የሚያምሽን ቦታ ጥሪ፦ «ራሲ ዩጂዕኒ»። አሠራሩ ከእኛው «ራሴን አመመኝ» ብዙም አይርቅም። «ራሲ» ያው ራሴ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ኒ» የእኛ «ኝ» ነው፤ ግእዙም «ኒ» ነው የሚለው። በሁለቱም ሰውየው አድራጊ አይደለም፣ ሕመሙ ነው እሱ ላይ የሚያደርገው። አንድ ልዩነት አለ፦ በዐረብኛው የሚያመው ራሱ «ራስ» ነው። በአማርኛ ግን «ራሴን» ብለን «ን» ጨምረንበታል፤ ራስም ተጎጂ ሆነ። አድራጊው ማን እንደሆነ አማርኛ አይናገርም።

ለጀርባ «ዘህሪ ዩጂዕኒ»፣ ለደረት «ሰድሪ ዩጂዕኒ»። ከትናንት ጀምሮ ከሆነ «ምን አምስ» ጨምሪበት።