የኩኒ እንቁራሪትና የድሬዳዋ ባቡር

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። የጅቡቲ ሐዲድ በ1902 መገባደጃ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እዚህ ደርሶ ለዓመታት ስለቆመ፣ በባቡር የመጣ መንገደኛ ወደ መሀል አገር የሚዘልቀው በበቅሎ ነበር። አዲስ አበባ የባቡሩን ፉጨት የሰማችው በ1917 ነው። ስለዚያ ዘመን ብዙ ይወራል፤ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ኮንትሮባንዱ። ከሐረርጌ ደጋ ወጥታ ፓሪስ ስለገባች ትንሽ እንቁራሪት ግን ማን ያወራል?

በ1904 እና በ1905 ባሮን ሞሪስ ደ ሮትሺልድ ኢትዮጵያንና ምሥራቅ አፍሪካን ሲያቋርጥ የሰበሰባቸውን እንስሳት ለፓሪሱ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሰጠ። ከነዚህ አንዷ በሐረርጌ ጨርጨር፣ ኩኒ ከተባለ ቦታ የተገኘች እንቁራሪት ነበረች። የሙዚየሙ ሊቅ ፍራንሷ ሞካር በ1905 በባሮኑና በኩኒ ስም ሰየማት። የሮትሺልድ ስም ቀድሞ ለእሳት እራት ተሰጥቶ ስለነበር ተሰረዘ፤ የኩኒ ስም ግን ጸና። ዛሬ ሳይንስ ፓራካሲና ኩንሂኤንሲስ ይላታል።

የምትመደበው ከአፍሪካ የዛፍና የሸምበቆ እንቁራሪቶች ቤተሰብ ነው። ቤተሰቦቿ በአብዛኛው ነፍሳት ለቃሚ ናቸው፤ እሷ ግን ቀንድ አውጣ በል ናት። ሮበርት ድሩስና ባሪ ሮዝ በ1981 እንዳሳዩት፣ የዚህ ወገን እንቁራሪቶች የራስ ቅልና መንጋጋ ለዚሁ ሥራ የተበጀ ነው፤ ቀንድ አውጣውን ሳይሰብሩ ከነቅርፉ ይውጡታል። እንዲህ ያለ አመጋገብ በእንቁራሪት ዓለም ብርቅ ነው።

መኖሪያዋ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ያለው ደጋ ብቻ ነው፤ በዓለም ሌላ ቦታ የለችም። ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የድሬዳዋ ሙቀት ለእሷ አይሆናትም። ስለዚህ ደጋው ሲራቆት መሸሻ የላትም። እንቁራሪት በቆዳዋም ጭምር ትተነፍሳለች፤ እርጥበት ካጣች አለቀላት። የጨርጨር ጥድና ዝግባ ለእርሻ፣ ለከሰልና ለማገዶ ሲመነጠር ኖሯል። ለደጋ አጋዘን የተከለለው ኩኒ ሙክታር እንኳ ከመጥረቢያ አልዳነም። የሐረማያ ሐይቅም ከሃያ ዓመት በፊት ደርቆ ሁላችንንም አስደንግጧል። በዚህ ላይ በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን የፈጀው የቆዳ ፈንገስ ኢትዮጵያም ውስጥ ተገኝቷል።

የሐረማያና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ፣ ኩኒ ሩቅ አይደለችም። በክረምት ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ በየረግረጉ ቁጠሯት፣ ድምፅዋን ቅረጹ፣ የቀረውን ደን ከገበሬው ጋር መክራችሁ አስከልሉ።