የኢንፎሲስ አመራር

ኢንፎሲስ ዋና መሥሪያ ቤቱ በደቡብ ሕንድ፣ በቤንጋሉሩ ከተማ የሚገኝ የሶፍትዌር ኩባንያ ነው። ለአሜሪካና ለአውሮፓ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ ፋብሪካዎችና ትልልቅ መደብሮች የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል፣ የተሠራውንም ይጠግናል፣ ያስተዳድራል። ከ300,000 በላይ ሠራተኞች አሉት። አውትሶርሲንግ (ሥራን ለውጭ ድርጅት ሰጥቶ ማሠራት) ሲባል የሕንድ ስም አብሮ እንዲነሣ ካደረጉት ጥቂት ኩባንያዎች አንዱ ነው። የአመራሩ ታሪክ ከ40 ዓመት በላይ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ መሥራች ወንበሩን ከለቀቀ በኋላ ቃሉ ምን ያህል ይከብዳል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሥራቾቹ

በ1981 በፑኔ ከተማ በፓትኒ ኮምፒውተር ሲስተምስ ይሠሩ የነበሩ ሰባት መሐንዲሶች እንጀራቸውን ትተው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። እነርሱም ናራያና ሙርቲ፣ ናንዳን ኒሌካኒ፣ ክሪስ ጎፓላክሪሽናን፣ ኤስ. ዲ. ሺቡላል፣ ኬ. ዲኔሽ፣ ኤን. ኤስ. ራጋቫን እና አሾክ አሮራ ናቸው። መነሻ ገንዘቡ 10,000 ሩፒ ነበር። ይህን ገንዘብ ከቁጠባቸው አውጥተው የሰጡት የሙርቲ ባለቤት ሱዳ ሙርቲ ሲሆኑ፣ እርሳቸውም የተማሩ መሐንዲስ ነበሩ። ሙርቲ ግን ባልና ሚስት በአንድ ድርጅት አብረው ሊሠሩ አይገባም ብለው ስለወሰኑ ሱዳ ገንዘቡን ሰጥተው ከደጅ ቀሩ። ቤተሰብን ከሥራ አመራር የማራቁ ደንብ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ በኋላ የጣሱትም ደንቡን ያወጡት ሰው ራሳቸው ናቸው።

ሙርቲ በ1946 በካርናታካ ግዛት ተወለዱ፤ አባታቸው መምህር ነበሩ። በማይሶር ዩኒቨርሲቲና በካንፑር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከተማሩ በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፓሪስ ሄደው ለአዲሱ የሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት አገልግሎት ሶፍትዌር ከሚሠሩት ጋር ተቀጠሩ። በዚያን ጊዜ የግራ አስተሳሰብ ደጋፊ ነበሩ። በየብስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በዩጎዝላቪያና በቡልጋሪያ ድንበር አካባቢ፣ ኒሽ በምትባል ከተማ፣ ከአንዲት ተሳፋሪ ጋር ባቡር ላይ በመነጋገራቸው ብቻ ተይዘው ያለ ምግብ ታሰሩ፣ ከዚያም ከአገር ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ ድህነት የሚወገደው ሥራ በመፍጠር ነው ወደሚለው እምነት እንደዞሩ ሙርቲ በየመድረኩ ተናግረዋል። የኢትዮጵያን የ1960ዎቹን (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ትውልድ የሚያስታውስ አንባቢ የዚያን ዘመን ወጣት እምነትና የእምነቱን ስብራት ለመረዳት አይቸገርም።

ድርጅቱ በተቋቋመበት ወቅት በሕንድ አንድ ኮምፒውተር ከውጭ ለማስገባት ዴልሂ ድረስ እየተመላለሱ ፈቃድ መለመን፣ የስልክ መስመር ለማግኘትም ረጅም ወረፋ መጠበቅ ግድ ነበር። የመጀመሪያው ደንበኛ ዴታ ቤዚክስ የሚባል የኒው ዮርክ ኩባንያ ሆነ። አብዛኞቹ መሥራቾች አሜሪካ ሄደው በደንበኛው ቢሮ ፕሮግራም ሲጽፉ ሙርቲ አገር ቤት ቀርተው ሠራተኛ ይቀጥሩ፣ ፈቃድ ያሳድዱ ነበር። በ1983 ድርጅቱ ወደ ባንጋሎር፣ በዛሬ ስሟ ቤንጋሉሩ፣ ተዛወረ።

የ1980ዎቹ መጨረሻ ከባድ ነበር። አሮራ በ1989 ተስፋ ቆርጠው ወጡ። በ1990 ደግሞ ኩባንያውን በ1 ሚሊዮን ዶላር የሚገዛ መጣ። መሥራቾቹ ተሰብስበው ሲመክሩ አንዳንዶቹ መሸጡን ወደዱ። በመጨረሻ የተናገሩት ሙርቲ ነበሩ፤ መሸጥ የሚፈልግ ካለ ድርሻውን እኔ ልግዛው አሉ። በእጃቸው ግን ያን ያህል ገንዘብ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሚሸጥ ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1991፣ የሕንድ መንግሥት የፈቃዱን ሥርዓት ማፍረስ ጀመረ፤ የሶፍትዌር ኩባንያዎችም ተነፈሱ። ኢንፎሲስ በ1993 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲያቀርብ ግን ገዢው አነስተኛ ስለነበር ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ ባንክ 13 በመቶውን ወሰደ።

የወንበሩ ተራ

ከብዙ የሕንድ ባለሀብቶች ድርጅቶች ኢንፎሲስን የሚለየው ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ አለመውረዱ ነው። የዋና ሥራ አስፈጻሚነቱ ወንበር ተራው እንደደረሰው ሰው ዕቁብ ከአንዱ መሥራች ወደ ሌላው አለፈ። ሙርቲ ከ1981 እስከ 2002፣ ኒሌካኒ እስከ 2007፣ ጎፓላክሪሽናን እስከ 2011፣ ሺቡላል እስከ 2014 መሩት። ይህ አሠራር በሰላም መረካከብን አስገኝቷል፤ ለዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። ጉድለቱም ግልጽ ነው። ተራ የሚጠብቅ መሥራች እያለ ከሥር ያደገ ጎበዝ ሠራተኛ የቱንም ያህል ቢደክም ወንበሩ ላይ ሊደርስ አይችልም ነበር።

ከሙርቲ ዘመን ውሳኔዎች ትልቁ የ1995ቱ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በዚያን ጊዜ ከኢንፎሲስ ገቢ ሩብ ገደማውን የሚሸፍን ደንበኛ ነበር። የአሜሪካው ኩባንያ ዋጋ ቀንሱ ብሎ ሲያስጨንቅ አመራሩ ውሉን አላድስም ብሎ ተነሣ። ሩብ ገቢን በአንድ ቀን ማጣት ለትንሽ ኩባንያ ሞት ሊሆን ይችል ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን በአንድ ደንበኛ ላይ አለመንጠልጠል የኩባንያው ሕግ ሆነ። የሠራተኛውን ልብ የገዛው ሌላው ውሳኔ በ1994 የተጀመረው ለሠራተኞች አክሲዮን የማካፈል አሠራር ነው። በ1999 ኢንፎሲስ በሕንድ ከተመዘገቡ ኩባንያዎች የመጀመሪያው ሆኖ ወደ አሜሪካው ናስዳክ ገበያ ገባ፤ አክሲዮኑ ሲንር ድርሻ የተካፈሉ ብዙ ተራ ሠራተኞች ባለጸጋ ሆኑ።

ኒሌካኒ ከሙርቲ የተለየ ጠባይ ነበራቸው፤ ከደንበኛና ከጋዜጠኛ ጋር መነጋገር የሚወዱ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ቶማስ ፍሪድማን በ2005 ዓለም ጠፍጣፋ ናት የሚለውን ዝነኛ መጽሐፉን የጻፈው ኒሌካኒ ስለ ዓለም ንግድ ሜዳ መስተካከል በነገሩት ቃል ተነሣሥቶ ነው። በእርሳቸው ዘመን የኩባንያው ዓመታዊ ገቢ 1 ቢሊዮን ዶላርን አለፈ። በ2009 ኒሌካኒ ኢንፎሲስን ለቀው አዳር የሚባለውን የሕንድ ብሔራዊ የመታወቂያ ቁጥር ሥራ ለመምራት ወደ መንግሥት ሄዱ። ከቢሊዮን በላይ ሰው የመዘገበው ያ ሥርዓት ከኩባንያው ይልቅ የእርሳቸውን ስም ያስጠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ2007 በኋላ የመሩት ጎፓላክሪሽናንና ሺቡላል በቴክኒክ ችሎታቸው የተከበሩ፣ ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ መሪዎች ነበሩ።

አመራሩ የሚቆጣጠረው ምንድን ነው?

የአውትሶርሲንግ ኩባንያ የሚሸጠው የሰው ሰዓት ነው። ስለዚህ አለቆቹ በየቀኑ የሚከታተሉት ስንት ፕሮግራመር በደንበኛ ሥራ ላይ እንዳለ፣ ስንቱ ሥራ ፈትቶ ደመወዝ እንደሚበላ፣ ስንቱ ለቅቆ እንደሚሄድ ነው። ከቦርዱና ከዋና ሥራ አስፈጻሚው በታች ሁለት ዓይነት ኃላፊዎች አሉ። አንደኞቹ በደንበኛው የሥራ ዘርፍ ተከፋፍለው ባንኮችን፣ ነጋዴዎችን፣ ፋብሪካዎችንና የኃይል ድርጅቶችን ይዘው ውል የሚያመጡ ናቸው፤ ሁለተኞቹ ሥራው በጊዜው ተጠናቅቆ መድረሱን ይቆጣጠራሉ። የሕንድና የአሜሪካ የሰዓት ልዩነት ግማሽ ቀን ገደማ ስለሆነ በአንዱ አገር የተጀመረው ሥራ እዚያ ሲመሽ በሌላው ይቀጥላል። አዲስ ተመራቂዎችን በብዛት ቀጥሮ በማይሶር ሰፊ ካምፓስ ማሠልጠን የአሠራሩ መሠረት ነው።

ከ2013 እስከ 2017

ከ2011 በኋላ እድገቱ ቀዘቀዘ። በሕንድ ውስጥ ተፎካካሪው ታታ ኮንሰልታንሲ እየራቀ ሄደ፤ በ2012ም ሌላው ተፎካካሪ ኮግኒዛንት በገቢ አለፈው። ቦርዱ ጡረታ የወጡትን ሙርቲን በጁን 2013 በሥራ አስፈጻሚ ሰብሳቢነት መልሶ ጠራ። ሙርቲ ልጃቸውን ሮሃንን ረዳት አድርገው ይዘው መጡ። ደመወዛቸው በዓመት 1 ሩፒ ብቻ መሆኑ ትችቱን ሊያበርደው አልቻለም፤ ከ1981 ጀምሮ የተሰበከው የቤተሰብ ደንብ ሲጣስ ሠራተኛው አይቶ ዝም አላለም። በዚያ ዓመት ከ10 በላይ ከፍተኛ ኃላፊዎች ኩባንያውን ለቀቁ።

ከዚያ ከመሥራቾቹ ወገን ያልሆነ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ተፈለገ። በኦገስት 2014 የተሾሙት ቪሻል ሲካ ከስታንፎርድ የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸው፣ በጀርመኑ ሳፕ ኩባንያ የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። መኖሪያቸውንም በካሊፎርኒያ አደረጉ። ከሰው ሰዓት ሽያጭ ወደ ራስ ሠር ሶፍትዌርና ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንሻገር የሚል ትልቅ ሐሳብ ይዘው መጡ፤ በ2020 ገቢውን 20 ቢሊዮን ዶላር አደርሳለሁም አሉ። ሐሳቡ ጊዜውን የቀደመ እንጂ የተሳሳተ አልነበረም።

ጠቡ የጀመረው በገንዘብ ነው። በ2015 ፓናያ የሚባለው የእስራኤል ኩባንያ በ200 ሚሊዮን ዶላር ተገዛ። በዚያው ዓመት የለቀቁት ዋና የፋይናንስ ኃላፊ የተፈቀደላቸው የስንብት ክፍያ ከ17 ክሮር ሩፒ፣ ማለትም ከ170 ሚሊዮን ሩፒ በላይ ነበር። ሙርቲና ሌሎች መሥራቾች ይህ ገንዘብ ለምን እንዲህ ዳጎስ አለ፣ የሲካስ ደመወዝ ለምን እንዲህ ናረ ብለው ጠየቁ። ቦርዱ ያስጠራው የሕግ ድርጅት ጥፋት አላገኘሁም አለ፤ ሙርቲ ሙሉው የምርመራ ሰነድ ይታተም አሉ፤ ቦርዱ እምቢ አለ። ነገሩ ከስብሰባ አዳራሽ ወደ ጋዜጣ ወጣ። ኦገስት 18 ቀን 2017 ሲካ በተደጋጋሚ የግል ጥቃት ተሰላችቻለሁ ብለው ሥራቸውን ለቀቁ፤ የኩባንያው አክሲዮን በዚያው ቀን ወደ 10 በመቶ ገደማ ወረደ። ቦርዱም ለመልቀቃቸው ዋናው ምክንያት ሙርቲ ናቸው ብሎ በግልጽ ጻፈ።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ሆኖ መፍረድ ይገባል። ሙርቲ የጠየቁት ማንኛውም ባለአክሲዮን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ዳጎስ ያለ የስንብት ክፍያ በተከፈለ ቁጥር ሕዝቡ ለምን ብሎ ማወቅ አለበት። ሆኖም መሥራቾቹና ቤተሰቦቻቸው በዚያን ጊዜ የያዙት ድርሻ ከ15 በመቶ በታች ነበር። ድርሻቸው ከሚፈቅደው በላይ የተሰሙት በስማቸው ክብደት ነው። ስም ያለው ሰው ደግሞ ቅሬታውን በጋዜጣ ከመዝራቱ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ ነበረበት። ቦርዱም በበኩሉ ሰነዱን አሳትሞ ቢሆን ኖሮ ጠቡ ሳይከር በወራት ሊያልቅ ይችል ነበር።

ከ2017 ወዲህ

ከሲካ መልቀቅ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ኒሌካኒ ተመልሰው የቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። የቀድሞውን ሰብሳቢ አር. ሴሻሳዬን ጨምሮ በርካታ የቦርድ አባላት በዚያው ቀን ወጡ። ኒሌካኒ በመሥራቾቹ ዘንድ የሚታመኑ፣ በባለሀብቶቹም ዘንድ ባለዝና ስለሆኑ ገበያው ረጋ። አዲሱ ቦርድ የፓናያን ጉዳይ እንደገና አይቶ የቀድሞውን ምርመራ ውጤት አጸና፤ ሙሉ ሰነዱንም አላወጣም። በጊዜያዊነት ኩባንያውን የያዙት የረጅም ዘመን ሠራተኛው ፕራቪን ራኦ ነበሩ።

ጃንዋሪ 2018 ላይ ከፈረንሳዩ ካፕጄሚኒ የመጡት ሳሊል ፓሬክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ፓሬክ የቦምቤይ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ናቸው፤ በጋዜጠኛ ፊት ብዙ አይታዩም፣ ትልቅ ተስፋም አይናገሩም። በ2019 ስማቸውን ያልገለጹ ሠራተኞች ሒሳቡ ተነካክቷል ብለው በአመራሩ ላይ ክስ ጻፉ፤ አክሲዮኑም በአንድ ቀን ክፉኛ ወረደ። የኦዲት ኮሚቴው ምርመራ በጃንዋሪ 2020 ማስረጃ እንዳላገኘ አስታውቆ ተዘጋ፤ ፓሬክም ቀጠሉ። በዘመናቸው ግን ተተኪ ይሆናሉ የተባሉ ሰዎች ወጥተዋል፤ ፕሬዚዳንት የነበሩት ራቪ ኩማር የኮግኒዛንት፣ ሞሂት ጆሺ የቴክ ማሂንድራ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነዋል። ጃዬሽ ሳንግራጅካ ከ2024 ጀምሮ ዋና የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው።

ሙርቲ ከኩባንያው ሥራ ውጭ ቢሆኑም ድምፃቸው ይሰማል። በ2023 የሕንድ ወጣት በሳምንት 70 ሰዓት ይሥራ ብለው መናገራቸው አገሩን ለወራት አከራከረ። ሴት ልጃቸው አክሻታ የቀድሞው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሪሺ ሱናክ ባለቤት ናቸው፤ ባለቤታቸው ሱዳም በ2024 የሕንድ ላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነዋል።

በማርች 2025 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት የኢንፎሲስ ገቢ ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ፤ ሲካ ለ2020 ያለሙት 20 ቢሊዮን ከአምስት ዓመት በኋላም ገና አልተነካም ነበር። የፓሬክ የሥራ ዘመን የተፈቀደው እስከ ማርች 2027 ነው።