ከአፍሪካ አዳራሽ መስታወት እስከ ቱላ ግድግዳ

ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም. ቴዎዶር ማይማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከጣት ባጠረች የሩቢ ዘንግ፣ የመጀመሪያውን ሌዘር አበራ። በዚያው ዘመን ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል ሠሩ፤ አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን ሰዎች ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። በብርሃን የመሳል ታሪክ ሲነሣ ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ አይታየኝም።

መስታወት ብርሃን አይፈጥርም። ከፀሐይ የመጣውን ድብልቅ ተቀብሎ የማይፈልገውን ውጦ ያስቀራል፤ ቀዩ ቁራጭ በአብዛኛው ቀዩን ብቻ ያሳልፋል። ሌዘር የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። አንስታይን በ1917 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ጉልበት ያዘለ አቶም በአጠገቡ ተስማሚ ብርሃን ሲያልፍ ልክ ያንኑ የመሰለ ብርሃን ይለቃል፤ ቀለሙም፣ አቅጣጫውም፣ የሞገዱ እርምጃም አንድ ዓይነት ነው። ያ ብርሃን በሁለት መስታወቶች መሀል እየተመላለሰ ይበዛል። የአምፖል ብርሃን የገበያ ሕዝብ ነው፣ ሁሉም ወደ ጉዳዩ። የሌዘር ብርሃን ግን ጉዱማሌ ላይ በፍቼ ጨምበላላ እንደምናየው ቄጣላ በአንድ እርምጃ ይሄዳል።

በዚህ ብርሃን መሳል ከባድ አይደለም። ፈረንሳዊው ሊሳዡ ሌዘር ሳይኖር፣ በ1857 እ.ኤ.አ.፣ በሚንቀጠቀጡ ሹካ መሰል ብረቶች ላይ ትንንሽ መስታወት ለጥፎ የብርሃን ጨረር አንጸባርቆ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ቀለበትና ስምንት ቁጥር የሚመስል ቅርጽ ወጣለት። የዛሬው የሌዘር ትርኢትም መሠረቱ ያው ነው። አንዱ መስታወት ጨረሩን ወደ ጎን፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዘዋል፤ ዓይናችን ፍጥነቱን መከተል ስለማይችል የምትሮጠውን ነጥብ መስመር አድርጎ ያያታል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በህዳሴ ግድብ ምረቃ ዋዜማ ምሽት ሌዘርና ድሮን ሲታይ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ተቀባብለነዋል። እንዴት እንደሚሠራ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም፤ የፊዚክስ መምህር መሆኔን እያወቁ!

በእኛ የተማሪነት ጊዜ ሌዘር ማለት ሰሌዳ ላይ የተሠመረ የኢነርጂ ደረጃ ነበር። አሁን በማስተምርበት ቱላ ከሱቅ የምትገዛ ቀይ ጠቋሚ መብራት አለችን። ሁለት ጫፉ የተቆረጠ የድልህ ቆርቆሮ፣ በአንዱ አፉ ላይ የተወጠረ ፊኛ፣ ፊኛው ላይ የተለጠፈች የመስታወት ስባሪ፤ በቃ ይኸው ነው። ልጆቹ በሌላኛው አፍ ያዜማሉ፣ ነጥቧ በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ትጨፍራለች። ረጋ ያለ "ኡ" እንቁላል መሰል ቀለበት ይሠራል፤ ጩኸት የተወሳሰበ ክር። ሁሉም ከጨረሩ ኋላ ይቆማል፣ ዓይን ውስጥ ማብራት ክልክል ነው። ርካሽ ጠቋሚ አንዳንዴ ከተጻፈበት በላይ ኃይል አለው፤ በዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም።

አንድ ቀን ቆርቆሮውን አስቀምጠን የቆመችውን ነጥብ ብቻ አየናት። ጠጋ ብሎ ላያት ነጥቧ እንደ ጤፍ የተበተነ ፍንጣቂ አላት፤ ከሸካራው ግድግዳ የተመለሱት ሞገዶች አንዱ ቦታ ሲደጋገፉ ሌላው ቦታ ሲጠፋፉ የሚፈጠር ነው። "ጭንቅላታችሁን ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ" አልኳቸው። ፍንጣቂው ከጭንቅላት ጋር አብሮ ከሄደ ዓይን የቅርቡን ለማየት ይቸገራል፤ በተቃራኒው ከሄደ የሩቁን። ኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ደብተር ከጓደኛዋ የምትገለብጥ ልጅ "ጋሼ፣ የኔ ወደ ግራ ነው የሚሄደው" አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ስትባል የኖረች ልጅ ናት። ይህ የሐኪም ምርመራን አይተካም፤ ግን ወላጆቿን ለመጥራት በቂ ነበር። ሐዋሳ ታይታ ከወር በኋላ መነጽር አድርጋ መጣች፤ ያቺኑ ነጥብ ደግመን አበራንላት። ፍንጣቂው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልሄደም አለችን፤ እዚያው ባለበት እየፈላ ነው።