ጨዋ ነኝ

ይፋግ ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና አጠገብ፣ በሊቦ ከምከም ምድር የምትገኝ አሮጌ የገበያ ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚመነዘርበት ጊዜ፣ ስሟን የውጭ አገር ተጓዦች ሳይቀሩ በመጽሐፎቻቸው አስፍረውታል። አያቴ በዚያች ከተማ ገበያ ጌሾና በርበሬ ስትሸጥ ኖራለች። ፊደል አልቆጠረችም። ነገር ግን ማን ምን ያህል ዱቤ እንዳለበትና መቼ እንደሚከፍል በልቧ ይዛ ትውል ነበር፤ ስትሳሳት አይቼ አላውቅም።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ፣ ለአንድ የቤተሰብ ምዝገባ ጸሐፊ ሆንሁ። ከቤት ወደ ቤት እየዞርሁ ስም፣ ዕድሜና የትምህርት ደረጃ እጽፋለሁ። ተራው የአያቴ ሆነና እንደ ሌላው ሰው ጠየቅኋት።

«እምዬ፣ ማንበብና መጻፍ ትችያለሽ?»

«እኔማ ጨዋ ነኝ፣ ልጄ» አለችኝ።

«መሃይም» ብዬ ጻፍሁ። አጠገቤ ቆማ ታየኝ ነበርና «ምን ብለህ ጻፍኸኝ?» አለች። አነበብሁላት። ጥቂት ዝም ብላ «ጨዋ አልሁህ እንጂ» አለችና ወደ ማጀት ገባች። የደበቅሁት ስድብ የተገለጠብኝ ያህል አፈርሁ፤ ያፈርሁበትን ምክንያት ግን አላወቅሁትም። ሁለቱ ቃላት ለእኔ አንድ ነበሩ።

አማርኛችን የዕውቀትና የማስተዋል ጉድለትን የሚሰይምባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ አንዱም በሌላው ቦታ ደኅና አድርጎ አይገባም። ሞኝ ብልጠት የጎደለው፣ በቀላሉ የሚታለል ነው፤ እናት ልጇን «ሞኜ» ብላ ልታቆላምጥበትም ትችላለች። ተላላ የራሱን ጥቅም መጠበቅ የማያውቅ ነው። ቂል ያለ ቦታው እንደ ሕፃን ይሆናል። ጅል ከዚህ ይከብዳል፤ ነግረውት የማይሰማ፣ አይቶ የማይማር ነውና። ነፈዝ ልቡናው ከራሱ የራቀ፣ የፈዘዘ ነው። ደደብ በትምህርት ቤት የሚወረወር ድንጋይ ነው፤ ፍቅር የሚባል አይገባበትም። የዋህና ገራገር ደግሞ በምስጋናና በሐዘኔታ መካከል ይቆማሉ፤ የዋህነት በወንጌል ክርስቶስ ስለ ራሱ የተናገረው ጠባይ ነው፤ በገበያ ግን «የዋህ ነው» ማለት «ዋጋ ጨምርበት» ማለት ሊሆን ይችላል።

ደንቆሮ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ቃሉ በመሠረቱ ጆሮው የማይሰማ ማለት ነው። ትምህርት ሁሉ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ በሚተላለፍበት አገር፣ አለመስማትና አለማወቅ በአንድ ቃል ቢጠሩ አይገርምም። ግን ጆሮው ያልሰማ ሁሉ ልቡናው እንዳልሰራ ተቆጠረበት። ቃሉ የአካልን ጉድለት ወደ አእምሮ አሻገረው።

ጨዋና መሃይምም እንዲሁ የተሻገሩ ቃላት ናቸው፤ መነሻቸው ግን አካል አይደለም፤ የሰው መቆሚያ ቦታ ነው።

ጨዋ ረጅም መንገድ የተጓዘ ቃል ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በየአውራጃው የሚሰፍር የንጉሥ ጭፍራ ጨዋ ይባል ነበር። የታሪክ ሊቃውንት ቃሉን «ፄዋ»፣ ማለትም ምርኮ፣ ከሚለው ግእዝ ጋር ያያይዙታል። ከጊዜ በኋላ ጨዋ የተከበረ ቤተሰብ ልጅ፣ ነውር የማያውቅ፣ አንደበቱ የታረመ ሰው ማለት ሆነ። በቤተ ክህነት አካባቢ ደግሞ ካህን ያልሆነ፣ ከዜማ ቤትና ከቅኔ ቤት ያልዋለ፣ ስለዚህም የማያነብ ሰው ጨዋ ተባለ። አያቴ «ጨዋ ነኝ» ስትል ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገሯ ነበር፤ አላነብም፣ ግን የሰው ልጅ ነኝ።

መሃይምን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ ስጀምርና የቃላትን ሥር መከተል ስለምድ ነው። የግእዙ ቃል «መሃይምን» ነው፤ ትርጉሙም አማኝ፣ ምእመን። ሃይማኖት ከሚለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። መሃይምናን የሚባሉት ከካህናት ተለይተው የቆሙት ሕዝብ ነበሩ። ሕዝቡ አያነብም ነበርና አማኝ ማለት የማያነብ ማለት ሆነ፤ የመጨረሻይቱ «ን»ም ወደቀች። እኔ በመዝገቡ ላይ የጻፍሁት እንግዲህ «አማኝ» የሚል ቃል ነበር፤ እኔም አላወቅሁትም፣ እርሷም አላወቀችውም።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች «ኢዲየት» የሚሉት ስድብ ከግሪኩ «ኢዲዮቴስ» የመጣ ነው፤ ሹመት የሌለው፣ ተራ ሰው ማለት ነበር። «ክሬቲን» የአልፕስ ተራሮች ነዋሪዎች በፈረንሳይኛ ዘዬአቸው «ክርስቲያን» ሲሉ የተጠቀሙበት ነው፤ በአዮዲን እጥረት እንቅርት ያበቀሉና አእምሯቸው የተጎዳ ጎረቤቶቻቸውን «ይህም ሰው ነው» ለማለት እንደሆነ ይተረጎማል። «ሲሊ» ቀድሞ ብፁዕ ማለት ነበር። «ሞሮን» ግን በሊቅ እጅ የተሠራ ቃል ነው፤ አሜሪካዊው ሄንሪ ጎዳርድ በ1910 እ.ኤ.አ. ከግሪክኛ ወስዶ የአእምሮ ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት ነው ለተባሉ አዋቂዎች መጠሪያ አደረገው። ነገሩ በስም አልቀረም። በ1927 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አእምሮዋ ደካማ ነው ተብላ የተመዘገበች ካሪ በክ የምትባል ወጣት እንድትመክን የቨርጂኒያን ሕግ አጸደቀ። በመዝገብ ላይ የሰፈረ ቃል እስከ ማሕፀን ደረሰ ማለት ነው።

በእኛ አገር በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በ15 ቋንቋዎች የተሰጠው ይህ ትምህርት በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል፤ ለሚሊዮኖችም ፊደልን ከፍቷል። ውለታውን አልክድም። ነገር ግን መሃይምነት የሚጠፋ ጠላት ተብሎ በየአደባባዩ ሲጠራ፣ ቃሉ ጨርሶ የውርደት ስም ሆነ። ጨዋም በዚህ ትርጉሙ ከአዲሱ ትውልድ አፍ ወጣ፤ ዛሬ የከተማ ልጅ «ጨዋ ነኝ» የሚልን ሽማግሌ ቢሰማ ራሱን ያመሰገነ ይመስለዋል።

የጥንቱ ሰው ግን ማንበብና ማስተዋል ሁለት መሆናቸውን አልሳተም። ለይፋግ ጎረቤት በሆነችው በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና ስንት ሊቅ ያሳፈሩ የቅኔና የአቋቋም ሰው ናቸው። በስማቸው ከሚነገሩት ቀልዶች መካከል ግን ፊደል ያልቆጠረች የባላገር ሴት በአንድ መልስ አፋቸውን የምታስይዝባቸውም አሉ። እነዚያን ቀልዶች ለትውልድ ያቆየው ጨዋው ነው።

አያቴም በዘመቻው ጊዜ ገብታ ተማረች። ብዙ አልዘለቀችም፤ ስሟን መጻፍ ቻለች። የመጀመሪያውን ቀን ስሟን በከሰል በግድግዳው ላይ ጽፋ አሳየችኝና «ያ መዝገብ አሁን ይፋቃል?» አለችኝ። እኔ የረሳሁትን እርሷ እስከዚያ ቀን ተሸክማው ኖራለች። መዝገቡ ከእጄ ከወጣ ዓመታት አልፈው ነበር፤ የት እንደ ገባም አላውቅም። «ይፋቃል» አልኋት፤ ዋሸኋት። ያመነችኝ አይመስለኝም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ተረቱ። ብዙ ጊዜ የምንስቀው በሞኙ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የምፈራው ወረቀቱን ነው። ስለዚህ ዛሬ በማንኛውም ቅጽ ላይ ስለ ሰው ስጽፍ «ማንበብ አልተማረችም» ብዬ እጽፋለሁ። ቃሉ ይረዝማል፤ መስመሩም አይበቃውም፤ ግን ያልተማረችውን ብቻ ይናገራል።