በአንድ እጅ የተያዙ ተፎካካሪዎች

በሰሜናዊው የአሜሪካ ምድር ከሚኒሶታ ተነሥተው እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ጠረፍ የሚዘልቁ ሁለት ታላላቅ የባቡር ሐዲዶች ነበሩ፤ እነርሱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1883 ዓ.ም. የተፈጸመው ኖርዘርን ፓስፊክና ዐሥር ዓመት ቈይቶ የተከተለው ግሬት ኖርዘርን ናቸው። ሁለቱም በሚደርሱበት ስፍራ ሁሉ የስንዴው ገበሬና የጣውላው ነጋዴ፥ አንደኛው ቢያስወድድበት ወደ ሁለተኛው መዞር መቻሉ ከማናቸውም የመንግሥት ዐዋጅ ይልቅ የጭነቱን ኪራይ በልኩ ያቈይለት ነበር። ይህ መጠጊያ በምን መንገድ እንደ ተነጠቀ፥ በምንስ ፍርድ እንደ ተመለሰ መመርመር፥ በዘመናችን የካፒታልን ገበያ ለሚያሳስበው ጥያቄ ሥርወ ነገሩን ያሳየናል።

በ1893 ታላቅ የገንዘብ ችግር በአገሩ ላይ ሲወርድ ኖርዘርን ፓስፊክ ከሰረ፤ የግሬት ኖርዘርን አለቃ ጄምስ ሂልም የከሰረውን ተፎካካሪ ግማሽ አክሲዮን ለኩባንያው ለማድረግ ቢያስብ፥ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጎን ለጎን የሚሄዱ ተፎካካሪ ሐዲዶች እንዳይጣመሩ የሚያዘውን የሚኒሶታን ሕግ መሠረት አድርጎ በ1896 ከለከለው። ነገር ግን ክልከላው ኩባንያውን እንጂ ሰዎቹን አልያዘምና፥ ሂልና ወዳጆቹ ከኒው ዮርኩ ባለባንክ ከጄ. ፒ. ሞርጋን ጋር ሆነው አክሲዮኑን በየግላቸው ገዙት። ቀጥሎም በ1901 ሁለቱ ሐዲዶች ወደ ቺካጎ የሚያገባውን የበርሊንግተንን መሥመር በኅብረት ቢገዙ፥ የዩኒየን ፓስፊክ ሐዲድ መሪ ኤድዋርድ ሃሪማን ድርሻ ጠይቆ ስለ ተከለከለ፥ የኖርዘርን ፓስፊክን አክሲዮን በምሥጢር ከገበያ ይሰበስብ ጀመር፤ ከዚህም ሽሚያ የተነሣ ሜይ 9 ቀን የአንዱ አክሲዮን ዋጋ እስከ 1,000 ዶላር ደርሶ የኒው ዮርክ ገበያ ተናወጠ። ባላጋራዎቹ የታረቁት በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር በኒው ጀርሲ ኖርዘርን ሴኩሪቲስ የተባለ 400 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ያለው ኩባንያ አቋቁመው፥ የኖርዘርን ፓስፊክን አክሲዮን ከዘጠኝ ዐሥረኛ በላይ፥ የግሬት ኖርዘርንንም ሦስት አራተኛ ያህል በእርሱ እጅ በማኖር ነበር።

ነገሩን ለመረዳት፥ በአንድ መንደር ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ወፍጮ ቤቶችን አንድ ሰው ገዝቷቸዋል እንበል። ወፍጮኞቹ ተማክረው ዋጋ ባይወስኑም እንኳ፥ አንዱ የማስፈጫውን ዋጋ ቀንሶ የሌላውን ደንበኛ ቢወስድ ባለቤቱ በአንድ እጁ ያገባውን በሌላው ያጣዋልና፥ ለፉክክር ያተጋቸው የነበረው ምክንያት ከሥሩ ይደርቃል። ስለዚህ ፉክክር የሚሞተው በስምምነትና በውል ብቻ አይደለም፤ የትርፉ ባለቤት አንድ በሆነ ጊዜ ማንም ሳያዝ ይሞታል።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1902 ክስ እንዲመሠረት አደረገ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ማርች 14 ቀን 1904 በአምስት ድምፅ በአራት ላይ ጥምረቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ በየነ። ዳኛ ጆን ሃርላን በጻፈው ብያኔ ውስጥ ዐቢዩ ነገር፥ ኪራዩ በእርግጥ መጨመሩ እስኪረጋገጥ መጠበቅ እንደማያስፈልግና፥ ተፎካካሪዎችን በአንድ ባለቤት ሥር የሚያደርግ ሥልጣን መኖሩ ብቻ ለንግድ ነጻነት አስጊ መሆኑን ማስረዳቱ ነው። ሩዝቬልት ራሱ የሾመው ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምዝ ግን፥ ክሱ የተመሠረተበት ሕግ ቃል ስለ ፉክክር አንዳች አይናገርም በማለት ከተቃወሙት ከአራቱ አንዱ ነበረ።

በ1914 የወጣው የክሌይተን ሕግ ፉክክርን የሚያዳክም የአክሲዮን ግዥን በግልጽ ከለከለ፤ ሆኖም አክሲዮን የሚገዛው ገንዘቡን ሥራ ላይ ለማዋል ብቻ ከሆነና በድምፁ ፉክክርን ካላዳከመ፥ ከክልከላው ነጻ አደረገው። ይህ ነጻነት ከብዙ ዘመን በኋላ አዲስ ጥያቄ አስነሣ። ጆን ቦግል በ1975 ያቋቋመው ቫንጋርድ የተባለ የፈንድ ኩባንያ በተከታዩ ዓመት ለተራው ሕዝብ የመጀመሪያውን የኢንዴክስ ፈንድ፥ ማለትም በአንድ የገበያ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች ሁሉ አክሲዮን በአንድነት የሚገዛ ፈንድ ሲከፍት ዐሳቡ መልካም ነበር፤ የመምህሩና የሠራተኛው የጡረታ ቁጠባ በአስተዳደር ክፍያ እንዳያልቅ ይጠብቅ ነበርና። ዳሩ ግን ገበያውን በሙሉ የሚገዛ ሁሉ ተፎካካሪዎቹን በሙሉ መግዛቱ የማይቀር ስለ ሆነ፥ በ2017 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፥ ሦስቱ የፈንድ ኩባንያዎች ቫንጋርድ፥ ብላክሮክና ስቴት ስትሪት በአንድነት ሲቈጠሩ ከ500ዎቹ የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎች በ88 በመቶው ቀዳሚ ባለ አክሲዮን ሆነዋል። ሆዜ አዛር፥ ማርቲን ሽማልዝና ኢዛቤል ቴኩ በ2018 ባሳተሙት ምርምር ይህን የመሰለው የጋራ ባለቤትነት የአሜሪካን የአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ ከ3 እስከ 7 በመቶ ከፍ እንዳደረገው ጽፈዋል፤ ሌሎች ሊቃውንት ስሌቱን ተቃውመውታል፥ ክርክሩም ገና አልተፈጸመም።

የሂልና የሞርጋን ማኅበር ሁለቱን ሐዲዶች ሆን ብሎ በአንድ ቤት ያኖረ ሲሆን፥ የዛሬዎቹ ፈንዶች ግን የሚሊዮኖችን አደራ የያዙ፥ በየኩባንያውም ጥቂት ድርሻ ብቻ ያላቸው ናቸውና በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይገባም። ሆኖም በጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጥ፥ ዲሬክተሮችን የሚመርጥና የሥራ አስኪያጆችን ደመወዝ የሚያጸድቅ ባለ አክሲዮን፥ ገንዘቡን አስቀምጦ የሚጠብቅ ብቻ ነው ማለት ከእውነት የራቀ ነው። የጋራው ባለቤትነት ዋጋን የሚያስወድድ ከሆነ፥ ቁጠባ ያለው ሰው የተጨመረበትን በከፊል በትርፍ ድርሻው ሲያስመልስ፥ ቁጠባ የሌለው ድኻ ግን መክፈል ብቻ ይቀርለታል፤ ይህም ከባለጠጋው ይልቅ በድኻው ላይ የሚከብድ ግብር ነው። ስለ ሆነም የሕግ አውጪዎች ተግባር ቁጠባውን ማፍረስ ሳይሆን፥ በ1914 የተሰጠውን ነጻነት እንደገና መርምሮ፥ በአንድ የንግድ ዘርፍ ያሉትን ተፎካካሪዎች ሁሉ የሚይዝ ፈንድ ወይ ከመካከላቸው አንዱን እንዲመርጥ፥ ወይም አክሲዮኑን ይዞ ድምፁን እንዲተው ማዘዝ ነው።