ኒግል (የእንግሊዝኛ ግስ)

ኒግል በጥቃቅን ነገር መነዝነዝን፣ ለዋናው ጉዳይ በማይጠቅም ዝርዝር ላይ ሙጭጭ ማለትን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ግስ ነው። ቀላል ሕመም ወይም ጥርጣሬ ሰውን አልለቅ ሲልም ይነገራል። በስምነትም ያገለግላል።

አመጣጥ

ቃሉ በእንግሊዝኛ የታየው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች እንደመጣ ይገመታል፤ በኖርዌይኛ ኒግላ የሚል ተቀራራቢ ግስ አለ። ቀድሞ ትርጉሙ ፍሬ በሌለው ጥቃቅን ሥራ መጠመድ ነበር። የዛሬዎቹ ትርጉሞች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የመጡ ናቸው። ጄ. አር. አር. ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ዛፍ መሳል ጀምሮ ቅጠሎቹ ላይ ሲጠበብ የሚውለውን ሠዓሊ ኒግል ብሎ የሰየመው የቀድሞውን ትርጉም ይዞ ነው።

ጥቁር ሰዎች ከሚሰደቡበት፣ በድምፅ ከሚቀርበው ቃል ጋር ዝምድና የለውም። ስድቡ የመጣው «ጥቁር» ከሚል የላቲን ቃል ነው።

ቅርጽ

በአንዳንድ የእንግሊዝኛ ግሶች መጨረሻ ያለው የ«ል» ድምፅ መደጋገምን ያሳያል። ክራክ አንድ ጊዜ ሲሰነጠቅ ወይም ሲጮህ ነው፤ ክራክል ደግሞ እንጨት እሳት ላይ ሲንጣጣ ነው። ኒግልም በቅርጹ ከነዚህ ጋር ይመሳሰላል። አማርኛ ይህንኑ የሚያደርገው ሁለት ፊደል ደግሞ በመጥራት ነው፦ ነዘነዘ፣ ጨቀጨቀ፣ ወተወተ፣ ጎተጎተ፣ ዘበዘበ፣ ለፈለፈ። ሰው አንድ ጊዜ ተናግሮ ቢተው ነዘነዘ አይባልም።

የአማርኛ አቻ

ለሰው ጠባይ የሚቀርበው ነዘነዘ ነው (ስሙ ንዝንዝ፣ ባለቤቱ ነዝናዛ)። ጨቀጨቀ ጫናው ይበረታል፤ ተጨቃጨቀ ሲባል ደግሞ ሁለት ወገን ይፈልጋል። ወተወተ የሚለምነው ነገር አለው። ጎተጎተ ብዙ ጊዜ ለበጎ ነው፤ አልታከምም ያለን ሰው ሐኪም ቤት እንዲሄድ የሚወተውት ዘመድ ጎተጎተው ቢባል እንጂ ኒግል አደረገው አይባልም።

ሕመም ሲሆን ግን ሰዎቹን ግሶች መተው ያስፈልጋል። የእግር ኳስ ዜና ላይ አዘውትሮ የሚገኘው «ኒግሊንግ ኢንጁሪ» ተጫዋቹን ከሜዳ ባያስወጣውም አልድን ያለ ቀላል ጉዳት ነው። «የሚነዘንዝ ጉዳት» ብሎ መተርጎም ያስቃል፤ ለሕመም ጠዘጠዘ (ጥዝጣዜ) አለ። ለጥርጣሬ ደግሞ ቆረቆረ ይሻላል፦ «አንድ ነገር ይቆረቁረኛል»።

አንድ አቻ ብቻ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ይህን አይለይም። በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ አፉን በአዊኛ (አውንጊ) ለፈታ ተማሪ ችግሩ እጥፍ ነው፤ አማርኛውም እንግሊዝኛውም በትምህርት የመጡ ሊሆኑ ይችላሉና «ጉዳት አይነዘንዝም» የሚለው የጆሮ ልምድ ላይኖረው ይችላል። አዊኛ የኩሽ ቋንቋ በመሆኑ የግሱ አሠራር ከሴማዊው አማርኛም ከእንግሊዝኛም የተለየ ነው።